ዝናቡ ሳይቀድምዎ፦ ወንጀል የተፈጸመበትን ስፍራ በፎቶግራፍ መያዝ

ይህ መመሪያ በደቡብ ጎንደር ወረዳዎች ለሚሠሩ የፖሊስ መርማሪዎች የተዘጋጀ ነው። ከደብረ ታቦር እስከ ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከስማዳ ወይም ከታች ጋይንት የገጠር ቀበሌ ሲነሡ ደግሞ ገና ደብረ ታቦር መድረስ ራሱ ጉዞ ነው። የፎረንሲክ ባለሙያ ከክልል ወይም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ የሐምሌ ዝናብ ዱካውን ያጥባል፣ እሪታ የሰማ ጎረቤት ግቢውን ይሞላል፣ ከብቱም በደሙ ላይ ያልፋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ፎቶ አንሺ የወረዳው መርማሪ ነው። በእጁ ያለው መሣሪያም የኪሱ ስልክ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ስልክም ቢሆን ይበቃል፤ ቅደም ተከተሉ ከተጠበቀ። ፎቶውን የሚመለከተው ዳኛ ጎጡን አያውቀውም፣ ቤቱን አላየውም፣ በሩ ወደየት እንደሚከፈት አልተነገረውም። ፎቶዎቹ ከዋናው መንገድ ተቀብለው፣ አጥሩን አሳልፈው፣ ደጃፉን አስገብተው፣ መጥረቢያው የወደቀበት ድረስ በየተራ ሊያደርሱት ይገባል። መሐል ላይ አንድ ደረጃ ከጎደለ፣ ከቅርብ የተነሣው መጥረቢያ የማንም ቤት መጥረቢያ ይሆናል።

ዕቃ ከቦታው ሳይነሣ ፎቶ የሚነሣበትን ምክንያት የአገራችን ታሪክ ራሱ ያስረዳል። በ1980ዎቹ አጋማሽ የቀይ ሽብር ወንጀሎችን የሚመረምረው ልዩ ዐቃቤ ሕግ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድንን እገዛ ጠይቆ ነበር። ባለሙያዎቹ ኮተቤ ላይ የጅምላ መቃብር ሲከፍቱ በሟቾች አንገት ላይ የቀረ የናይለን ገመድ አገኙ። ያ ገመድ አንገት ላይ እንዳለ ከተመዘገበ የአገዳደሉን መንገድ ይናገራል። ተፈትቶ በከረጢት ከገባ በኋላ ግን ከየትኛውም ሱቅ ሊገዛ የሚችል ገመድ ነው። የዕቃው ማስረጃነት ከቦታውና ከአኳኋኑ ጋር የተያያዘ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተነሣ ደግሞ መልሶ እንደነበረ ማድረግ አይቻልም።

ሳይወጡ በፊት፦ ቦርሳው

ከጣቢያው ሳይወጡ የሚከተሉት ቦርሳው ውስጥ መኖራቸውን ያረጋግጡ።

• ካሜራ ወይም ጥሩ ስልክ፣ ባዶ ሜሞሪ ካርድና ትርፍ ባትሪ። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የጉና ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ብርድ ባትሪን ቶሎ ስለሚያደክም ትርፉን በውስጥ ኪስዎ፣ ከሰውነትዎ አጠገብ ይያዙት።
• ሦስት እግር ያለው የካሜራ ማቆሚያ።
• ከካሜራው ተነጥሎ የሚበራ ፍላሽ፤ ከሌለ ጠንካራ የእጅ ባትሪ።
• ማስመሪያ። ሁለት ጎኑ በሚሊ ሜትር የተከፈለ ባለ ማዕዘን መለኪያ ቢገኝ ይመረጣል፤ ካልተገኘ የተማሪ ማስመሪያም ይሠራል። ክብሪት ወይም ሳንቲም አጠገቡ አስቀምጦ ማንሣት በግምት ከመለካት አይለይም።
• ከ1 ጀምሮ ቁጥር የተጻፈባቸው ካርዶች፣ ጓንት፣ ጃንጥላ፣ የላስቲክ ሳፋ፣ መከለያ ገመድ።
• ደብተርና እርሳስ። የአንዳንድ ስክሪብቶ ቀለም በዝናብ ይሟሟል፤ እርሳስ ግን ይጸናል።

1ኛ ደረጃ፦ ሰዓቱንና ቀኑን ያስታርቁ

በእኛ አገር ፎቶና መዝገብ በቀላሉ የሚጣሉበት ነጥብ ይህ ነው። ካሜራው የፈረንጅ ቀን ይጽፋል፣ ሰዓቱንም ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል፤ የምርመራ መዝገቡ ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። አንድ ሰው የተገደለው ጥቅምት 5 ለ6 አጥቢያ 2017 ዓ.ም. ሲሆን እርስዎ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ፎቶ አነሡ እንበል። ካሜራው ይህን ኦክቶበር 16 ቀን 2024፣ 2 ሰዓት ብሎ ይመዘግበዋል። ይህን ያላብራራ መርማሪ ችሎት ላይ የቀንም የሰዓትም ልዩነት ተቆጥሮ ይጠብቀዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የካሜራውን ሰዓት ከስልክ ኔትወርክ ሰዓት ጋር ያስተካክሉ። ከዚያ የስልኩን ሰዓት በካሜራው ያንሡት። በደብተርዎ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፉ። የካሜራው ሰዓት የተሳሳተ መሆኑን ሥራው መሐል ላይ ካወቁ አይቀይሩት፤ ስንት ደቂቃ እንደሚቀድም ወይም እንደሚዘገይ ብቻ መዝግበው ይቀጥሉ።

2ኛ ደረጃ፦ ስፍራውን ይዝጉ፣ አንድ መግቢያ ይምረጡ

መጀመሪያ ሕይወት። የቆሰለ ካለ ርዳታ ያግኝ፣ ተጠርጣሪው በአካባቢው አለመኖሩ ይረጋገጥ። ቀጥሎ ሚሊሻውንና የቀበሌ ኃላፊዎችን አስተባብረው ሕዝቡን ያርቁ። ለቀስተኛን በቁጣ መመለስ ጠብ ያመጣል። ሽማግሌዎችን ጠርቶ «ገዳዩ የረገጠው መሬት እንዳይጠፋ ነው» ብሎ ማስረዳት ከገመዱ ይበልጥ ይከልላል።

ከዚያ ወንጀለኛው አልተጠቀመበትም ብለው የሚገምቱትን አንድ መንገድ ይምረጡና ሁሉም በእርሱ ብቻ ይግባ፣ ይውጣ። መንገዱን ራሱን ከመርገጥዎ በፊት ያንሡት። ከእርስዎ በፊት የገባ ሰው ካለ ስሙን ይመዝግቡ፣ የጫማውንም ሶል ፎቶ ያንሡ፤ በኋላ የእርሱን ዱካ ከሌላው ለመለየት ያስፈልጋል።

ቤቱ የግል መኖሪያ ከሆነ ሕጉን ያስቡ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 መኖሪያ ቤትን ካላግባብ ፍተሻ ይጠብቃል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ከአንቀጽ 32 ጀምሮ ብርበራ በምን ሁኔታ እንደሚፈቀድ ይደነግጋል። ሳይፈቀድልዎ የገቡበት ቤት ውስጥ የተነሣ ፎቶ የቱንም ያህል ቢጠራ ለክርክር በር ይከፍታል።

3ኛ ደረጃ፦ ቶሎ የሚጠፋውን ያስቀድሙ

ካሜራውን አንሥተው ከመጀመርዎ በፊት እጅዎን ወደ ኋላ አድርገው ስፍራውን በዓይንዎ ይዙሩት። «ግማሽ ሰዓት ብዘገይ የማጣው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ዝናብ ያረገዘ ሰማይ ካለ የጭቃ ዱካውና ደጅ የፈሰሰው ደም ይቀድማሉ። በታኅሣሥና በጥር በጉና አካባቢ ጠዋት ውርጭ ላይ የታየ ርምጃ ፀሐይ ስትሞቅ አብሮ ይቀልጣል፤ እርሱን ያስቀድሙ። ዝናቡ ከቀደመዎ ዱካው ላይ የላስቲክ ሳፋ ይድፉበት፣ ጎርፍም እንዳይገባው ከላይ በኩል በትንሹ ቦይ ያስቀይሱ። ሳፋውን እንዳለ ፎቶ ያንሡትና በስንት ሰዓት እንደተደፋ ይጻፉ።

የሚቸኩል ነገር ከሌለ ግን ወደሚቀጥሉት ሦስት ደረጃዎች በቀጥታ ይሂዱ።

4ኛ ደረጃ፦ ከሩቅ

የዚህ ተከታታይ የመጀመሪያው ፎቶ የመለያ ወረቀት ነው፤ የመዝገብ ቁጥር፣ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ ጎጥ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የፎቶ አንሺው ማዕረግና ስም ይጻፍበት።

ከዚያ ስፍራውን ከነአካባቢው ያንሡ። በገጠር የቤት ቁጥር ስለማይገኝ የማይንቀሳቀስ ምልክት ፎቶው ውስጥ ይግባ፦ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ የውሃ ቦኖ፣ ትልቅ ዋርካ፣ የትምህርት ቤት አጥር። ግቢውን ከአራቱም አቅጣጫ፣ ቤቱን ከአራቱም ግድግዳ፣ ክፍሉን ከአራቱም ማዕዘን ያንሡ። የአንዱ ፎቶ ጫፍ በቀጣዩ ፎቶ ላይ ጥቂት ይደገም። ካሜራው በቆመ ሰው ዓይን ከፍታ ላይ ይሁን። ምስክር «ከእርሻዬ ድንበር ላይ ሆኜ አየሁ» ካለ እርሱ ከቆመበትም አንድ ፎቶ ያንሡ፤ ማየት ይችል እንደነበር ዳኛው የሚመዝነው ከዚያ ነው።

ስልክ ላይ ያለውን እጅግ ሰፊ ሌንስ አይጠቀሙ፤ ግድግዳ ያጎብጣል፣ ርቀትም ያዛባል። በካሜራ ከሆነ 50 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ሌንስ ለዓይን እይታ ይቀርባል።

5ኛ ደረጃ፦ ከመካከል

ይህ የሚዘለለው ደረጃ ነው፤ ሲዘለል ደግሞ ከሩቁና ከቅርቡ ፎቶ መካከል ያለው ድልድይ ይፈርሳል። እያንዳንዱን ማስረጃ ከአንድ ቋሚ ነገር ጋር አንድ ላይ ያንሡ፦ መጥረቢያውን ከበሩ መቃን ጋር፣ የደም ጠብታውን ከምሰሶው ጋር፣ ቀለሁን ከአጥሩ ካስማ ጋር። መጀመሪያ የቁጥር ካርድ ሳይኖር፣ ቀጥሎ ካርዱ ተቀምጦ ያንሡ። ካርዱ ማስረጃውን እንዳይሸፍን ከጎኑ ይሁን። ከሁለት ቋሚ ነጥቦች ያለውን ርቀት በሜትር ለክተው ደብተር ላይ ያስፍሩ፤ ፎቶ ብቻውን ርቀትን በትክክል አይናገርም።

6ኛ ደረጃ፦ ከቅርብ

ማስረጃው ፎቶውን ይሙላው። አንድ ጊዜ ያለ ማስመሪያ፣ አንድ ጊዜ ከማስመሪያ ጋር ያንሡ። ያለ ማስመሪያ የሚነሣው ከሥሩ የተደበቀ ነገር እንደሌለ ለማሳየት ነው። ማስመሪያው ከማስረጃው ጋር በአንድ ደረጃ ይቀመጥ፣ የካሜራው ፊትም ከእርሱ ጋር ትይዩ ይሁን። ካሜራው ካዘነበለ የቅርቡ ጫፍ ይሰፋል፣ የሩቁ ይጠባል፤ በዚያ ፎቶ ላይ የሚደረግ ልኬት ሁሉ ይሳሳታል። ፎቶ እንዲለካ ሆኖ መነሣት እንዳለበት የተገነዘበው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የፓሪስ ፖሊስ ባልደረባ የነበረው አልፎንስ ቤርቲዮን ነው፤ እርሱ ካሜራውን በረጅም እግር ከአስከሬኑ በላይ እየሰቀለ ያነሣ ነበር።

በስልክ ሲያነሡ በጣት አስፍተው አያቅርቡ፤ ፎቶው ይደበዝዛል እንጂ ዝርዝር አይጨምርም። ፊልተርና ማሳመሪያ የሚባለው ሁሉ ይጥፋ።

ልዩ ትኩረት የሚሹ ማስረጃዎች

የጫማ ዱካ። በደጋው ገጠር ብዙ ሰው አንድ ዓይነት ኮንጎ ወይም በረባሶ ይጫማል። ስለዚህ የሶሉ ቅርጽ ብቻውን ሰው አይለይም፤ የሚለየው ያለቀበት ቦታ፣ የተሰነጠቀው፣ የተሰፋው ነው። እነዚህ እንዲታዩ ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያው ላይ ከዱካው ቀጥታ በላይ ያቁሙ። ማስመሪያውን ከዱካው ጎን፣ በዱካው ወለል ጥልቀት ልክ ያኑሩት። ፀሐዩን በጃንጥላ ወይም በጋቢ ከልለው የእጅ ባትሪውን ወደ መሬት ዝቅ አድርገው ከአንድ ጎን ያብሩ። ካሜራውን ሳያንቀሳቅሱ ብርሃኑን ከአራቱም አቅጣጫ እያዞሩ በየአንዳንዱ ያንሡ፤ ከአንደኛው ጎን የተሰወረ ጭረት ከሌላው ይወጣል። ዱካው ላይ የወደቀ ቅጠል ካለ መጀመሪያ እንዳለ ፎቶ ያንሡት። የዱካውን ቅርጽ ለመውሰድ ጀሶ የሚፈሰው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ቀለህና መሣሪያ። እያንዳንዱ ቀለህ የራሱ ቁጥር ይኑረው፤ የተበተኑበት አኳኋን ተኳሹ የት እንደቆመ ስለሚጠቁም ሁሉንም አንድ ላይ የሚያሳይ ፎቶም ያስፈልጋል። ጥይት የበሳውን ግድግዳ ወይም ቆርቆሮ ፊት ለፊት ቀጥ ብለው፣ ከዚያም ከጎን ያንሡ። ክላሽ መሬት ላይ ካገኙ ማቀባበያውና የተኩስ መምረጫው ያሉበት ሁኔታ ሳይነካ ይነሣ። የመሣሪያው ቁጥር መሣሪያው ደኅንነቱ ተጠብቆ ከተነሣ በኋላ ለብቻው ፎቶ ይነሣል።

አስከሬን። ብዙ ጊዜ ሲደርሱ ቤተሰብ በጋቢ ወይም በነጠላ ሸፍኖት ያገኙታል። ተሸፍኖ እንዳለ ያንሡት፣ ማን በስንት ሰዓት እንደሸፈነው ይጠይቁና ይመዝግቡ፣ ከዚያ ገልጠው ይቀጥሉ። ከራስጌ፣ ከግርጌ፣ ከሁለቱም ጎን፣ ሲቻል ከላይ። ፊቱን ለማንነት መለያ፣ እጆቹን ከነመዳፋቸው፣ እያንዳንዱን ቁስል ከመካከልና ከማስመሪያ ጋር ከቅርብ። አስከሬኑ ሲነሣ ከሥሩ ያለውን መሬት ፎቶ ማንሣት አይርሱ። ምርመራው ወደ ሆስፒታል ሲተላለፍ ሐኪሙ ልብሱ ሳይወልቅ የነበረውን ሁኔታ የሚያየው በእርስዎ ፎቶ ነው። ሲጨርሱ መልሰው ይሸፍኑ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 24 የሰውን ክብር ያስጠብቃል፤ ከበር ላይ የቆመችው እናትም ታያለች።

በሕይወት ያለ ተጎጂ። ፈቃዱን ይጠይቁ። የወሲብ ጥቃት ከሆነ ሥራው በጤና ተቋም፣ በሴት ባለሙያ፣ ተጎጂዋ በተስማማችበት ልክ ይከናወን። የበለዝ ምልክት በቀናት ውስጥ ቀለሙን ስለሚለውጥና አንዳንዴም ዘግይቶ ስለሚወጣ በማግሥቱና ከዚያም በኋላ በድጋሚ ያንሡ።

ቤተ ክርስቲያን። የንዋያተ ቅድሳት ስርቆት በሰሜኑ ደጋ የታወቀ ወንጀል ነው፤ መርማሪው ግን እንደ ሌላ ቤት በሁሉም ክፍል መግባት አይችልም። መጀመሪያ አስተዳዳሪውን ያነጋግሩ። አጥሩን፣ የተሰበረውን ቁልፍ፣ ዕቃ ቤቱን፣ ቅኔ ማኅሌቱን በራስዎ ያነሣሉ፤ ጫማ አውልቀው ሲገቡ ወለሉ ላይ የቀረ ዱካ እንዳይረግጡ ይጠንቀቁ። መቅደሱ ሥልጣነ ክህነት ላለው ብቻ ነው። እዚያ የሚነሣ ነገር ካለ ካህን ወይም ዲያቆን እንዲያነሣ ያሠለጥኑት፤ ከሩቅ፣ ከመካከል፣ ከቅርብ የሚለውን በአጭሩ አስረድተው ከውጭ ሆነው ይምሩት። የፎቶ አንሺው ስምም የእርሱ ይሁን፣ ችሎት የሚመሰክረውም እርሱ ነውና። ታቦትና ለዓይን የተከለከለ ነገር በምንም ምክንያት አይነሣ። የተሰረቀው መስቀል ወይም ብራና ቀድሞ የተነሣ ፎቶ ካለው ከቤተ ክህነቱ ይጠይቁ፤ ተይዞ ሲገኝ የሚመሳከረው ከዚያ ጋር ነው።

ጭጋግ፣ ሌሊትና የቀትር ፀሐይ

በጭጋግ ውስጥ ከካሜራው ላይ የሚበራ ፍላሽ ከጭጋጉ ተመልሶ ፎቶውን ነጭ ያደርገዋል። ፍላሹን አጥፍተው ብርሃኑን ከጎን ያምጡ።

ሌሊት ክፍል ወይም ግቢ ለማንሣት ካሜራውን ማቆሚያው ላይ አኑረው መዝጊያውን እስከ 30 ሰከንድ ክፍት ያድርጉ። በዚያ ጊዜ ባልደረባዎ ከካሜራው ኋላና ጎን ሆኖ የእጅ ባትሪውን ሳያቆም በስፍራው ላይ እኩል ያዟዙር። የሚጠፋ ነገር ከሌለና ጥበቃ ማቆም ከተቻለ ግን ንጋትን መጠበቅ ይሻላል፤ ከሌሊቱ ፎቶ ሌላ የጠዋት ፎቶም ይኑርዎ።

በዚህ ከፍታ የቀትር ፀሐይ ጠንካራ ነው፤ ጥላው ውስጥ ያለው ይጠቁራል፣ ፀሐዩ ላይ ያለው ይነጣል። ትንሽ ማስረጃ ከሆነ ሙሉ በሙሉ በጥላ ይከልሉት። የራስዎ ጥላ ማስረጃው ላይ ግማሽ ሆኖ እንዳይወድቅም ይመልከቱ።

7ኛ ደረጃ፦ የፎቶ መዝገብ

ፎቶ ባነሡ ቁጥር፣ ወይም በየምድቡ፣ ባልደረባዎ ይጻፍ፦ የፎቶው ተራ ቁጥር፣ ሰዓት፣ ምን እንደሚያሳይ፣ ከየት አቅጣጫ እንደተነሣ። ንድፍ ሥዕል ሠርተው ካሜራው የቆመባቸውን ነጥቦች በቀስት ያመልክቱ። የተበላሸ ፎቶ አያጥፉ። የደበዘዘውም፣ ጣትዎ የገባበትም ይቆይ። ካሜራው ለእያንዳንዱ ፎቶ ተከታታይ ቁጥር ስለሚሰጥ ከ41 ወደ 43 የዘለለ መዝገብ «42ኛው ላይ ምን ነበር?» ያስብላል። ለዚያ ጥያቄ ደግሞ የደበዘዘው ፎቶ ራሱ ምርጥ መልስ ነው።

8ኛ ደረጃ፦ ፋይሉን ይጠብቁ

ጣቢያ እንደገቡ ዋናውን ፋይል ሳይከፍቱና ሳይነካኩ ወደ ኮምፒውተር ይገልብጡ። አንዱ ቅጂ እንደታሸገ ከኤግዚቢት ጋር ይቀመጥ፣ ሌላው የሥራ ቅጂ ይሁን። ብርሃን ማስተካከል ወይም መቁረጥ ካስፈለገ በሥራ ቅጂው ላይ ብቻ ተሠርቶ የተደረገው ለውጥ ይጻፍ። ለኃላፊ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ይጨመቃል፣ ውስጡ የተመዘገበው ሰዓትና ቦታም ይጠፋል። መላክ ግድ ከሆነ እንደ ፋይል ይላክ፣ ዋናው ግን እርሱ አይደለም።

ስልኩ የግልዎ ከሆነ ጥንቃቄው ይብሳል፤ ፎቶዎቹ ከርክክብ በኋላ ከልጆችዎ የልደት ፎቶ ጋር እንዳይቀሩ። ማን ለማን፣ መቼ እንዳስረከበ በፊርማ ይያዝ። የሟች ፎቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ቢወጣ የሟች ወገን ቂም ይቋጥራል። ደም መመላለስ ባለበት አገር አንድ የወጣ ፎቶ የሽማግሌዎችን የዕርቅ ድካም ሊያፈርስ ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱንም ያስታውሱ።

9ኛ ደረጃ፦ ከመልቀቅዎ በፊት፣ ከዚያም ችሎት

ከስፍራው ሳይወጡ ፎቶዎቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ በተራ ለአንድ ቦታውን ላላየ ባልደረባ ያሳዩ። በቃል ምንም አይንገሩት። በሩ የት እንዳለ፣ ዕቃው ከበሩ በየት በኩል እንደወደቀ፣ ዱካው ወደየት እንደሚሄድ እርሱ ይንገርዎ። የተደናገረበት ቦታ ፎቶ የጎደለበት ነውና ተመልሰው ያንሡ፤ መከለያ ገመዱ ከተፈታ በኋላ የሚነሣ ፎቶ የጸዳ ቤት ፎቶ ነው።

ችሎት ሲጠሩ ዐቃቤ ሕጉ የሚጠይቅዎ እነዚህን ነው፦ ማን አነሣው፣ መቼ፣ በምን መሣሪያ፣ ፎቶው በወቅቱ ያዩትን በትክክል ያሳያል ወይ፣ ከዚያ ወዲህ በማን እጅ ነበር። ተከላካይ ጠበቃው ደግሞ ያላነሡትን ይጠይቃል። ተጠርጣሪውን ነጻ ሊያወጣ የሚችል ነገርም፣ ለምሳሌ ከውስጥ የተቆለፈ በር ወይም ሌላ ሰው ያስቀረው ዱካ፣ በእኩል ጥንቃቄ መነሣት አለበት። ስፍራውን ያነሡት ለከሳሽ ወይም ለተከሳሽ ሳይሆን ለዳኛው ነው፤ ዳኛው ደግሞ ሁለቱንም ማየት ይፈልጋል።